አንድ ድምፀ ተአቅቦ

ሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ቁጥር ያለው ቀን አልጽፍም። በዚህ ቤት ቀኑን የሚጠይቅ አንድ ሰው አለ፤ ሲነግሩት ደግሞ አያምንም። ዛሬ ጠዋት አያቴ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ውሸታም!» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። ከራሴ አንድ ቀን ፈጥሬ ሰጠሁት። «እንዲህ በይ እንጂ» ብሎ ተረጋጋ። ስለዚህ ለዚህ ደብተር ሰኞ፣ ማክሰኞ ይበቃዋል።

አያቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አሁን አልጋው አውቶቡሱ ነው። የብርድ ልብሱን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል። የክፍሉ በር ክፍት ከሆነ ግን ንቅንቅ አይልም። «በር ሳይዘጋ አልነሳም፤ ሰው ይወድቅብኛል።» እኔ እዘጋለሁ፣ እሱ ይነሳል፣ የትም አንሄድም።

እናቴ የምክር ቤት አባል ናት። ከዚያ በፊት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት አስታማሚ ነበረች፤ የተመረጠችውም በዚሁ ነው። በምርጫው ሰሞን በየግድግዳው በተለጠፈው ፖስተር ላይ ፊቷ ትንሽ፣ እጆቿ ትልልቅ ነበሩ። ከሥሩ «እነዚህ እጆች ያውቁናል» ይላል። አሁን እነዚያ እጆች ቤት የሚገቡት ከእራት በኋላ ነው፤ ያውም ስልክ ይዘው።

እየፈረድኩባት አይደለም። ዝም ብዬ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ

እማ ከመጦሪያ ቤቱ ይዛው የመጣችው አንድ ሕግ አለ፦ ሳትነግር አትንካ። አእምሮው የደከመ ሰው ከየት እንደመጣ ያላየው እጅ ሲያርፍበት ሌባ የገባበት ያህል ይደነግጣል። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ይቆማሉ፣ ይነግሩታል፣ እሺ እስኪል ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይነኩታል። «አባዬ፣ አሁን ቀኝ እጅህን ልይዝ ነው።» ካልሲ ለማውለቅ እንኳ ሳይቀር።

እንድታስታምመው የተቀጠረችው ሴትዮ ይህ አልገባትም። ዝም ብላ ከኋላው መጥታ ብብቱን ልታጥብ ስትል ነከሳት። በዚያው ቀረች። አሁን ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት መምህርት፣ አጠገቡ ይቀመጡለታል፤ ከሰዓት በኋላ እኔ ነኝ። መምህርቷ አያቴን የያዙት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ጎበዝ! እስቲ አሁንም ደግመው ይዋጡ!» ይሉታል፣ ማንኪያውን አፉ ላይ ደግነው።

አያቴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «እቺ ሴትዮ ቲኬት ቆርጣለች?» አለኝ።

«አልቆረጠችም።»

«ታዲያ ለምን ትጮህብኛለች?»

ሐሙስ ማታ

አዲስ ነገር ፈጠርኩ። መንገር ብቻውን አያቴን ሰልችቶታል፤ «ላዞርህ ነው» ስለው ፊቱን ያጠቁራል። ዛሬ የእንጨት ማማሰያ ይዤ ገባሁና የአልጋውን ብረት ደበደብኩ።

«ጉባኤው ተከፍቷል! የዕለቱ አጀንዳ፦ የተከበሩ አያቴን ወደ ግራ ማዞር። የሚደግፍ?»

የራሴን እጅ አወጣሁ።

«የሚቃወም?»

ዝም።

«ድምፀ ተአቅቦ?»

አያቴ ጉዳዩን ሲያጠናው እንደከረመ ሰው ቀስ ብሎ አንድ ጣቱን አነሳ። «አንድ ድምፀ ተአቅቦ» አለ።

«በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል!»

አዞርኩት። አልተቆጣም። ከመተኛት ብዛት ጀርባው ላይ የወጣው ቀይ ቦታ ትንሽ ሰፍቷል። ቅባት ቀባሁት። ለእማ አልነገርኳትም፤ ከነገ ወዲያ ኮሚቴ አለባት።

እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ምንድን ነው የምትሉት እናንተ?» አለች።

«ስብሰባ ላይ ነን፣ ክብርት። ተራዎን ይጠብቁ።»

ሳቀች። ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቷል። ከዚያ ስልኳ ጮኸ።

ቅዳሜ

የምክር ቤቱ ኮሚቴ ቤታችን መጣ። ኮሚቴ ማለት ሁለት ወንዶችና አንድ ትልቅ ቦርሳ ነው። አንዱ ከመመረጡ በፊት ሐኪም ነበር። ሌላው ጠበቃ ነበር፤ ስሙን አቶ በመርህ ደረጃ ብዬዋለሁ፤ ማንኛውንም ነገር ከመከልከሉ በፊት «በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ» ይላልና። ሻይ ሳቀርብለት «በመርህ ደረጃ እጠጣለሁ» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ነገሩ የአረጋውያን እንክብካቤ ሕግ ነው። ስለ መጦሪያ ቤቶች፣ ስለ ሐኪሞች፣ ስለ አልጋ ብዛት ይናገራል። እማ ያመጣችው አንቀጽ ስድስት ብቻ ነው ስለ ቤት የሚያወራው፦ ቤቱ ውስጥ ቤተሰቡን የሚያስታምም ሰው ከሥራው ሳይባረር ፈቃድ ያገኛል፤ ሥራውን የሚያውቅ አጋዥም በየሳምንቱ መንግሥት ይልክለታል። እኔ አንቀጽ ስድስትን ሳስብ አንዲት ሴት ወይ አንድ ወንድ በራችንን ሲያንኳኳ ይታየኛል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚናገር ሰው።

«እርስዎ ሲናገሩ እኮ ሰው ያለቅሳል» አላት ሐኪሙ። «ትልቅ ነገር ነው።»

«ለዚህ ነው መክፈቻውን እሳቸው ያድርጉት የምለው» አለ ጠበቃው። «የመጦሪያ ቤት ትዝታዎን ይንገሩን። አንቀጾቹን እኛ እናስተካክላለን።»

«አንቀጽ ስድስትስ?» አለች እማ።

«በመርህ ደረጃ ግሩም አንቀጽ ነው።»

አለቀለት አልኩ በልቤ።

ሲወጡ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ደረጃው ላይ ሐኪሙ «መቼም የኮሚቴው ልብ እሷ ናት» ሲል ሰማሁት። ጠበቃው ደግሞ «አዎ፣ ግን ልብ ብዕር አይይዝም» አለ። እኔ ጃንጥላ አውጥቼ በትሕትና ሰጠሁት። ሁለት ሽቦው እንደተሰበረ አልነገርኩትም። በመርህ ደረጃ ጃንጥላ ነው።

እማ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሐኪሙ የሚያውቀውን ሲናገር መረጃ ይባላል። ጠበቃው ሲናገር ትንታኔ ይባላል። እኔ የማውቀውን ስናገር ‹ታሪክዎ ልብ ይነካል› ይሉኛል» አለች።

«ታዲያ ለምን አትተዪላቸውም?»

«ሌላ ማን ያነሳዋል?» አለች። ያንኑ ብርጭቆ ደግማ አጠበችው።

ማክሰኞ

የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን ጠየቀን፦ የምክር ቤት አባል የመጣበት ሙያ በሚያወጣው ሕግ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም? ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ፤ ልማዱ ነው። መምህር የነበረ ስለ ትምህርት ይናገራል፣ ገበሬ የነበረ ስለ እርሻ፣ ነጋዴ ስለ ቀረጥ።

እጄን አወጣሁ። «ስለ ሞት የሚናገረውስ ከየት የመጣ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪው «አንቺ ደግሞ ምላስሽ!» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

የሒሳብ ፈተና ነበር። ደህና ነው። ማለቴ፣ አልፏል።

ረቡዕ፣ በችኮላ

መጥፎ ጠዋት። እማ ኮት ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ ይዛ ልትወጣ ነበር። አያቴ ከአልጋው ጫፍ እየተንሸራተተ ነው። ከበሩ አየችው። ሮጠች። ከኋላው በሁለት ብብቱ ሥር ገብታ ያዘችው።

ሳትነግረው።

«ሌባ! ሌባ ገባ! ኧረ የሰው ያለህ!» ክርኑ ከንፈሯን መታት። «አባዬ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ስትል ባሰበት። መምህርቷ ከጎረቤት በነጠላ ጫማ መጡ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ አልጋውን እስክደበድብ ድረስ አልተወም።

ሕጉ የእሷው ነው። ግን ባትይዘው ይወድቅ ነበር። ይህን ካልጻፍኩ ግፍ ይሆናል።

ዓርብ

አያቴ አሁን እማን አታስገቡብኝ ይላል። እማ በሩ ላይ ብቅ ስትል መሪውን ጨብጦ «ይህቺ ሴት አትሳፈርም!» ይላል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ያበጠ ከንፈሯን አየሁና ተውኩት።

እንደ ደንቡ ሞከረች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ በዚያ በመጦሪያ ቤት ድምጿ፣ «አባዬ፣ አሁን አንድ እርምጃ ልገባ ነው» አለችው።

«ሞልቷል» አለ።

«ጥግ ላይ እቆማለሁ።»

«ሴትዮ፣ ሞልቷል እኮ ነው የምልሽ! ቀጣዩን ጠብቂ።»

እጆቿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ፖስተር ላይ የነበሩትን እጆች። ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ንግግሯን ስትለማመድ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። «የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ እኔ እጄን ያሳረፍኩባቸው አረጋውያን…» ትልና ታቆማለች። ደግማ ትጀምራለች። እዚያው ቃል ላይ ታቆማለች።

እሑድ

ዛሬም ሞልቷል።

ማክሰኞ

ሞልቷል። መብላት ቀንሷል። እንደ ወፍ ነው የሚቀምሰው። መምህርቷ «ለእናትሽ ንገሪያት እንጂ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እሺ እትዬ» አልኩ። «ትምህርት ቤትስ ምነው ቀረሽ?» አሉኝ። «ጉንፋን» አልኩ፤ አስነጠስኩላቸውም። በማስነጠስ እንኳ የሚያህለኝ የለም።

ለእማ ብነግራት ትቀራለች። ከቀረች አንቀጽ ስድስትን ማን ያነሳዋል? ብትቀርስ የት ልትቀመጥ ነው? ኮሪደር ላይ?

ረቡዕ ማታ

ድምፅ የሚሰጠው ነገ ነው። እማ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ልቅር?» አለችኝ።

«አብደሻል? አንቀጽ ስድስት ወላጅ አልባ ሊሆን ነው?»

«እውነቱን ንገሪኝ። እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ዛሬ እንዲያውም አንድ ተሳፋሪ አወረደ።»

አየችኝ። እናቴ ሰው ስታይ እንደ ቴርሞሜትር ናት፤ ብብትሽ ሥር ያለውን ሁሉ ታነባለች። ዓይኔን ከዓይኗ አላነሳሁም። ልፎካከራት ብዬ ነው።

«እሺ» አለች። ፀጉሬን ልትነካ እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«ሞልቷል» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ለምን እንዲህ አልኩ? ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ሐሙስ

አሁን መሽቷል። መጻፍ ያለብኝ ዛሬ ነው፤ ነገ አሳምሬ እዋሻለሁ።

ጠዋት ላይ አተነፋፈሱ ተለወጠ። ይስባል፣ ይቆማል፣ እኔም አብሬው እቆማለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ይስባል። የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚያስተላልፈውን ሬዲዮ ከፍቼ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩት። መምህርቷ ወንበር ስበው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ነው የፈራሁት።

ስብሰባው ሳይጀመር እማ ደወለች። «እንዴት አደረ?»

«ተኝቷል።»

«ስልኩን ወደ አፉ አስጠጊልኝ።»

አስጠጋሁ። ረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ «ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቢለት» አለች። «ከድምፅ መስጫው በኋላ እመጣለሁ።» ድምጿ ደረቅ ነበር።

ንግግሯ መጣ። የተለማመደችውን አልተናገረችም። እጄን ያሳረፍኩባቸው የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ ዘለለችው። ስለ መጦሪያ ቤቱ አንድም ትዝታ አልነገረቻቸውም። አንቀጽ ስድስትን ከነንኡስ አንቀጹ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ጠበቃ አነበበችና ምክንያቱን ዘረዘረች። ማንም አላለቀሰም። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያወራ ይሰማል። ታሪክ ነበር የጠበቁት። መሃል ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

አያቴ ዓይኑን ገለጠ።

«ውሃ ስጧት» አለ።

እኔና መምህርቷ ተያየን። «ለማን፣ አባባ?»

«ጉሮሮዋ ደርቋል። ውሃ ስጧት።»

«ማን ናት እሷ?»

እንደ ደደብ አየኝ። «ልጄ ናታ!» አለ። ከዚያ ብርድ ልብሱን በእጁ እየዳበሰ መሪውን ፈለገ። እጁን ይዤ አደረስኩለት። «ቦታ ያዙላት» አለ።

ስልክ ደወልኩ። ዝግ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስልክ ይዘጋል። ደግሜ ደወልኩ።

አቶ በመርህ ደረጃ ተነሳ። «የተከበሩት ያቀረቡትን በመርህ ደረጃ እንደግፋለን፤ ሆኖም በሌላ ጊዜ ከጥናት ጋር…» ሐኪሙም እንደ ባለሙያ ደገፈው። አፈ ጉባኤው «አንቀጽ ስድስት ከሕጉ እንዲሰረዝ የሚደግፍ?» አለ። የእጁን ብዛት ሲያነቡት ሰማሁ። የእማ እጅ አንድ ሺህ ጊዜ ቢነሳ የሚያድነው አልነበረም። ሕጉ ያለ እሱ ጸደቀ። አጨበጨቡ።

አያቴ በሩን ያያል። ክፍት ነበር፤ ማን እንደከፈተው አላውቅም። ትንፋሹን ይስባል፣ ይቆማል፣ በሩን ያያል። ግንባሩ ተቋጥሯል፤ ሰው እንዳይወድቅበት።

ሄጄ ዘጋሁለት።

ስመለስ ትንፋሹ ቆሟል። ተነስቷል።

ዓርብ ጠዋት

መተኛት አልቻልኩም። በሩን ባልዘጋው ኖሮ ይጠብቃት ነበር። በር ክፍት ሆኖ ሄዶ አያውቅም፤ አንድም ቀን። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? መምህርቷ «ምን ነካሽ፣ የኔ ልጅ፣ በር ነው እኮ» አሉኝ። እሳቸው ምን ያውቃሉ። ቲኬት አልቆረጡም።

የትናንቱን ልጨርስ። እማ ስትመጣ ዝናብ አበስብሷታል፤ እንዴት እንደመጣች አላውቅም። በሩ ላይ ቆመች። ኮሪደሩ ላይ፣ እዚያችው የለመደቻት ቦታ። የመግቢያ ባጇ አንገቷ ላይ ነው።

«አባዬ» አለች። «አንድ እርምጃ ልገባ ነው።»

ጠበቀች። ከዚያ ገባች።

ሙቅ ውሃ አመጣሁ። እጅጌዋን ሰበሰበች። «አባዬ፣ አሁን ፊትህን ልነካ ነው።» ነካችው። «ግራ እጅህን ላነሳ ነው።» አንድም ነገር አልዘለለችም። ጀርባውን ስታዞር ቀዩን ቦታ አየችው። አየችኝ። «አባዬ፣ ጀርባህን ላጥብ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ አጠበችው።

ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት።

«አልጠማኝም።»

«እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ያዘዘው። በሬዲዮ ሲሰማሽ ‹ጉሮሮዋ ደርቋል፣ ውሃ ስጧት› አለ። ማን ናት ስለው ‹ልጄ ናታ› አለኝ። ‹ቦታ ያዙላት› አለ።»

ብርጭቆውን ይዛ አየችኝ። በዚህ ቤት ቀን እየፈጠረች የምታድለው ማን እንደሆነች ታውቃለች።

«እውነትሽን ነው?»

«መምህርቷን ጠይቂያቸው።»

አልጠየቀችም። ውሃውን እስከ ታች ጠጣችው።

«ትናንት ዋሸሁሽ» አልኳት። «ዛሬ ጠዋትም። ደህና አልነበረም።»

«አልዋሸሽኝም» አለች። «በስልክ ሰምቼዋለሁ። ያን ትንፋሽ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ። ስንት ሰዓት እንደሚቀረው እንኳ አውቅ ነበር።» ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች። «አውቄ ነው እዚያ የቀረሁት።»

ለዚህ የሚሆን ቀልድ ፈለግኩ። በአፌም በሆዴም ፈለግኩ። የለም።

ከወንበሩ ተነሳች። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ ዓይኔ እንዲያያት ዝቅ ብላ። እጆቿ ገና እርጥብ ናቸው።

«ልጄ» አለች፣ «አሁን ላቅፍሽ ነው።» ጠበቀች። በዚያ በተሰነጠቀ ድምጿ፣ «የሚቃወም?» አለች።

ልቃወም ነበር። በእውነት ልቃወም ነበር።

አንድ ጣቴን አነሳሁ። «አንድ ድምፀ ተአቅቦ» አልኩ።

በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።